የቤቱ ጌታ በገዛ ግንቡ ላይ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት

በልጅነትሽ የቤቴ ፋና፣ በዕውቀትሽ የሽበቴ ክብር ለሆንሽው፣ ባሕር ተሻግረሽ እንኳ የአባትሽን ጉንፋን ከድምፁ ለይተሽ ለምታውቂው፣ ሐሰት ስትናገሪ አንድም ቀን ላልሰማሁሽ፣ ለተወደደችና ለተከበረች ልጄ፤ ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይድረስሽ።

ጽጌረዳዎችሽ በዝናቡ ፈንድተው አጥሩን አልፈዋል፤ ጉልበቴም ከደረጃው ጋር ለጊዜው ታርቋል። ነገሩን በስልክ ልነግርሽ በወደድሁ ነበር፤ ነገር ግን ከአንቺ ጋር ስነጋገር ባልሽ ከአጠገቤ አይለይምና፣ ነገ ወደዚያ ለምትመለሰው የሥራ ባልደረባሽ ይህን በእጇ ልሰጣት ወሰንሁ።

በታችኛው ከተማ በዳኝነት ወንበር ላይ ሳለሁ፣ ሰው ስለ ኮረብታው ነዋሪዎች የሚያወራውን እየሰማሁ ከልቤ እስቅ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ፤ ውሾቻቸው ከሰው ይልቅ ሐኪም ይጎበኛቸዋል፣ ሰው የሚጨብጡት በጣታቸው ጫፍ ነው፣ ላብ ሲያዩ ጣራው ያፈሰሰ ይመስላቸዋል፣ ሲጣሉ እንኳ በገዛ አፋቸው መሳደብ ስለሚከብዳቸው ተሳዳቢ ይቀጥራሉ ይባል ነበር። እዚህ ወጥቼ ከእናንተ ጋር መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ግን ሐሜት ለሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ ልብስ መሆኑን ተረዳሁ፤ የጥርስ ሐኪሙ ጎረቤታችን ለሞተች ድመቱ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ አይቻለሁ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ባየኝ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ካላሳፈርሁዎት ይለኛል፣ ባልሽም ማታ ማታ ወተቴን በገዛ እጁ አሙቆ ካልሰጠኝ አይተኛም። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ፣ ቀጥሎ ያለውን ስታነቢ «ድሮስ ክፉዎች ናቸው» ብለሽ በቀላሉ እንዳትገላገዪ ነው።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከፊት ለፊታችን ያለውን ትልቁን ግቢ አንድ ሰው ገዛው። ድንጋይ በመዶሻ ከመፍለጥ ተነሥቶ የድንጋይ መፍጫ ማሽኖች ባለቤት እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነውና፣ ሰፈሩ እርሱ በሌለበት «ጋሽ ጠጠር» ይለዋል፤ እርሱም ያውቃል፣ አውቆም ይስቃል። ሚስቱን ለሻይ ይጠሯታል፣ እርሱን ግን አይጠሩትም። የጥርስ ሐኪሙ ሚስት አንድ ቀን በእኛው ሳሎን «ሰውዬው ቤቱን ገዛ እንጂ ሰፈሩን አልገዛም» ብላ ሁሉንም አስቃለች። ጋሽ ጠጠር በበኩሉ እሑድ እሑድ አሮጌ ልብሱን ለብሶ ግቢውን ራሱ ይቆፍራል፤ «ጋሼ፣ እኔ እጄ ካልቆሸሸ እህል አይወርድልኝም» ይለኛል። በዚህ ኮረብታ ላይ በቀን ብርሃን ተቀምጦ የሚያጫውተኝ ጎረቤት እርሱ ብቻ ነበር።

ሌላም ማወቅ የሚገባሽ ነገር አለ። ዓምና ከመኪናዎች ላይ ስፖኪዮ መነቀል በበዛ ጊዜ፣ የነዋሪዎች ማኅበሩ ለየቤቱ ፊሽካ አደለ፤ ደንቡም ፊሽካ በተነፋ ጊዜ ወንድ የሆነ ሁሉ በእጁ የገባውን ይዞ እንዲወጣ ነው። ስፖኪዮ ነቃዩ እስከ ዛሬ አልተያዘም፤ ፊሽካውም በየመሳቢያው ተቀምጦ የሚነፋበትን ቀን ይጠብቅ ነበር።

ከዚህኛው በፊት በነበረው እሑድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ጋሽ ጠጠር ዝናቡ የደፈነውን ከግንቡ ውጪ ያለ ቦይ ሊጠርግ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ሱሪውን ለብሶ፣ አካፋና የእጅ ጋሪ ይዞ ወጣ። እኔ በበራችን አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጨዋታ ይዘን ሳለ፣ ነፋሱ በሩን ከበስተኋላው ዘጋበት። ሚስቱ ወደ እኅቷ ሄዳለች፤ ለሠራተኛቸውም የእረፍት ቀኗ ነው።

«ጉድ ነው ጋሼ፣ በገዛ ቤቴ ሌባ ልሆን ነው» አለና እየሳቀ ጋሪውን ከግንቡ አስጠግቶ ደፋው፤ በላዩም ቆሞ ወጣ። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ፣ አንዱን ወደ ውጪ አድርጎ ግንቡ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ሰገነት ላይ ፊሽካው ተነፋ። ሚስትየዋ ናት፤ ከዚህ ሰው ሚስት ጋር ስንት ጊዜ ሻይ የጠጣች፣ የእርሱን ፊት ግን አንድም ቀን ቀና ብላ ያላየች።

በዚህ ሰፈር በገዛ ግንቡ ላይ የሚወጣ ባለቤት ታይቶ አይታወቅምና፣ ግንብ ላይ ያለ ሰው ሌባ ነው፤ የተቀደደ ሱሪ ከለበሰማ ምን ጥያቄ አለው! የጥርስ ሐኪሙ የጎልፍ ዱላ፣ ሥራ አስኪያጁ የቴኒስ ራኬት ይዘው፣ ሌሎችም ተከትለዋቸው ደረሱ።

«ውረድ አንተ!»

«ኧረ እኔ ነኝ! በሩ ተዘግቶብኝ ነው፤ ቤቴ እኮ ነው!»

«ቤቴ ነው ይላል፣ ስሙት እስቲ!» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«በዚህ ሱሪ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «በዚህ ሱሪ ነው ባለቤት የሆንከው?»

ምስኪኑ ነገሩ ቀልድ መስሎት «ሌላም ሱሪ አለኝ፤ ልግባና ልቀይራ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን እንደ ንቀት ቆጠሩት። እኔም ተነሥቼ «ባለቤቱ ነው! ተዉት!» ብዬ ጮኽሁ፤ ነገር ግን ፊሽካው አሁንም ይነፋ ነበርና የሽማግሌ ድምፅ ከፊሽካ ጋር አይተካከልም። «አባባ፣ ገለል ይበሉ፣ እንዳይመታዎት» አለኝ አንዱ፣ በአክብሮት።

በእግሩ ጎትተው ጣሉት። ጀርባው ከመንገዱ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲያርፍ የሞላ ጆንያ ከመኪና ሲወረወር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። የጎልፉ ዱላ ቅልጥሙ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ከዚያም ዱላው ራሱ እስኪጎብጥ ደጋገሙት። ራኬቱ በጠርዙ ፊቱን እየከተፈ ይነሣና ይወርድ ነበር። «በልጆቻችሁ! ሚስቴን ጥሩልኝ!» እያለ ሲማጠን፣ ዕድሜውን ሙሉ በለሰለሰ ድምፅ «አፍዎን ይክፈቱልኝ» እያለ የኖረው የጥርስ ሐኪም ያንኑ የተከፈተ አፍ በጫማው ረገጠው፤ ሰውየው ጥርሱን ከደሙ ጋር በመዳፉ ላይ ተፋና፣ ምን እንደ ሆነ ያልገባው ይመስል ትኩር ብሎ አየው።

ባልሽ ከሁሉ ዘግይቶ ደረሰ፤ ከሁሉም አብልጦ መታ። ከመኪናው የኋላ ሣጥን ጎማ መፍቻውን አውጥቶ ነበር። የመጀመሪያው ምት ከጆሮው በላይ አረፈ፤ ልጄ ሆይ፣ የዚያን ድምፅ ልጽፍልሽ ሞክሬ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁና ይለፈኝ። ዓይኑ በደም ሞልቶ ወጣ፤ እግሮቹ ለብቻቸው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ባልሽ ለሁለተኛው ሲያነሣ በሰውየው ላይ ተደፋሁበት፤ ለሰውየው ጭንቅላት የታሰበው ምት በግራ ክንዴ ላይ ወረደ። ከሕመሙ በፊት የአጥንቴን መሰበር ሰማሁ።

በዚህ መካከል የሰፈሩ ጥበቃ፣ ሃምሳ አለቃ የምንለው፣ ከታችኛው በር ሽቅብ ሮጦ መጣ፤ የወደቀውን ባየ ጊዜ ዱላውን ወርውሮ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ጌቶቼ! ምን አደረጋችሁ! የቤቱ ጌታ እኮ ናቸው!»

ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። ፊሽካውም ያን ጊዜ ዝም አለ። ከሰገነቱ ላይ የሴትየዋ ድምፅ ተሰማ፤ «ታዲያ ምናለ እንደ ሰው ቢለብስ!»

በማን መኪና ይሂድ የሚለው ምክክር የወንበር ልብስ በሚያሳስባቸው ሰዎች መካከል ሲጓተት፣ ሃምሳ አለቃ የዩኒፎርሙን ኮት አውልቆ ራሱን ጠቀለለለት፤ አቅፎም በገዛ ጋሪው ላይ ጫነውና እስከ ዋናው መንገድ ድረስ እየገፋ ወስዶ ታክሲ ላይ አሳፈረው። ባልሽ ጎማ መፍቻውን በሣሩ ላይ ጠርጎ ወደ ቦታው መለሰው።

በማግሥቱ ከሥራ መልስ በእኛ ሳሎን ተሰበሰቡ። ሻይ ቀረበ፤ ብስኩትም ነበረ።

«ፖሊስ ደም ያለበት ልብስ ይፈልጋል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ደም ያለበት ደግሞ የሃምሳ አለቃ ኮት ነው።»

«ዱላውም እዚያው ተጥሎ ተገኝቷል።»

«ወታደር አልነበረ? እጁ ይቀለዋል።»

«ቤተሰቡን አንጥልም እንግዲህ፤ እንረዳለን» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ድመቱን በቀበረበት በዚያው የኀዘን ድምፅ።

«አባባስ? እዚያ ነበሩ እኮ።»

ባልሽ ወደ እኔ አልተመለከተም። «አባባ ወድቀው ነው እጃቸው የተሰበረው። ከዚያ ወዲህ ነገር ይምታታባቸዋል።»

እኔ እዚያው መካከላቸው ተቀምጬ ነበር፤ ሻዩም ደርሶኛል። ተሳዳቢ ይቀጥራሉ የሚለው ሐሜት ስሕተት መሆኑን ያን ምሽት አወቅሁ፤ በገዛ እጃቸው መምታት ያውቁበታል፤ የሚቀጥሩት ተከሳሹን ነው።

ሃምሳ አለቃን በበነጋው ወሰዱት። እኔም ቃሌን ልሰጥ ብሄድ፣ መርማሪው በታላቅ አክብሮት ወንበር ሰጠኝ፣ ጆሮውን ግን አልሰጠኝም፤ ባልሽ ከእኔ ቀድሞ ደውሎለት ኖሯል። ቆይቶም የባልሽ ወዳጅ የሆነ ሐኪም መጣ፤ የወሩን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርሁት፤ የእናትሽን ስም ጠየቀኝ፣ ስጠራው ዕንባ ቀደመኝ፤ እርሱም ዕንባዬን ከበሽታው ምልክቶች እንደ አንዱ መዘገበው። ስለዚህ ብዙ ዘመን ምስክር ስሰማ የኖርሁት ሰው፣ ዛሬ በሕግ ፊት ያላየ ሆኛለሁ።

ጋሽ ጠጠር እስከዚህች ሰዓት አልነቃም። ቢሞት ክሱ ወደ ነፍስ ግድያ ይለወጣል። ሚስቱ ሃምሳ አለቃ ባሏን እንዳልመታ ታምናለች፤ ነገር ግን አላየችም። የሃምሳ አለቃ ሚስት ትናንት መጥታ ነበር፤ አዲሱ ጥበቃ አላስገባም ስላላት በበሩ ብረት በኩል እጄን ይዛ፣ «አባቴ፣ እሱ እኮ ውሻ እንኳ ሲያባርር በአፉ ነው። አንዲት ቃል ብቻ ያውጡልኝ!» አለችኝ። ቃሉን አውጥቻለሁ፤ የሚያነሣው ጠፋ እንጂ።

ባልሽ ለምን ከሁሉ አብልጦ እንደ መታ ሳስብ ሰነበትሁ። አባቱ በታችኛው ከተማ ገበያ ተሸካሚ እንደ ነበር እኔና አንቺ እናውቃለን፤ ኮረብታው አያውቅም። የዚያ ሱሪ ቅድ፣ የዚያ እጅ ሻካራነት፣ ያ ከት ብሎ መሳቅ ለሌሎቹ የሌባ ምልክት ነበር፤ ለእርሱ ግን የአባቱ መልክ ነበርና፣ ጎረቤቶቹ በእርሱም ላይ እንዳያዩት አጥብቆ መታው። አልጠላውም። ትናንት ማታም ወተቴን አሙቆ አመጣልኝ፤ ግማሹ በመንገድ ፈስሶ ነበር፤ የቀረውን በቀኝ እጄ ተቀብዬ ጠጣሁት።

የእኔን መውጣትና መግባት ከሩቅ በስልክሽ ታዪበት፣ ምስሉም እዚያው ይቀመጥልሽ ዘንድ በበራችን ላይ ያስተከልሻት ካሜራ ፊቷን ያዞረችው ወደ ጋሽ ጠጠር ግንብ ነው። ባልሽ በቤት ያለውን መቅረጫ ነቅሎ ወስዶ «ከተበላሸ ቆየ» ብሏል። ነገር ግን የጥቃቱ ማግሥት ማለዳ፣ እርሱ ገና ምንም ሳይነግርሽ፣ እኔም ቃል ሳልተነፍስ፣ ደውለሽ ከሰላምታሽ አስቀድመሽ «አባዬ፣ ግራ እጅዎ እንዴት ሆነ?» አልሽኝ። ያን ጊዜ እንዴት አወቅሽ ብዬ አልጠየቅሁሽም፤ አሁንም አልጠይቅሽም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየደወልሽ ስለ ዝናቡ ትጠይቂኛለሽ፤ እኔም ስለ ዝናቡ እመልስልሻለሁ።

የምለምንሽ ነገር የትዳርሽን ማእዘን እንደሚነቅል፣ እኔንም ከዚህ ቤት እንደሚያስወጣኝ ሳልመዝን አልጻፍሁም፤ ለእኔ አትስጊ፣ ሻንጣዬ ቀላል ነው። ፈጣሪ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ፤ ከእኔ የሚተርፍ ዕድሜ ቢኖር ላንቺ ይጨመር፤ የምትፈሪው ቀን ሲመጣ ብቻሽን አያግኝሽ።

የሃምሳ አለቃ ጉዳይ የሚሰማው በሚመጣው ሰኞ ነው፤ የጠበቃው ስልክ ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ፤ የዚያን እሑድ ምስል ሳትቆርጪ ከሰኞ በፊት ላኪለት።

አባትሽ