ትምህርት ለአንድ ሸሚዝ አይቋረጥም

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ምላሷ ለሚወጋው ለመርፌዬ፤

ከሁሉ በፊት እንደምን አለሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍሽስ? ምግቡስ ይበላልሻል? እንዲሁ ለወጉ የጠየቅሁሽ እንዳይመስልሽ። እናትሽ ድምፅሽን በስልክ ሰምታ «ልጄ ከስታለች» አለችኝ። «ድምፅ ደግሞ ይከሳል እንዴ?» ብዬ ልስቅ ስል ዓይኗን አይቼ ተውኩት። እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ወገቤን ያመኛል፣ ምላሴ ግን ጤነኛ ነው።

ነገሩን ሰምቻለሁ። ያ አምና «አጎቴ፣ ለልደቱ ሸሚዝ ስፋልኝ» ብለሽ ልኩን የላክሽልኝ የክፍልሽ ልጅ ትቶሽ ከሌላ ጋር መቀመጥ ጀምሯል አሉ። ያውም የእኔን ሸሚዝ ለብሶ! ይህን ባውቅ ኖሮ አንገቱን ሁለት ጣት አጥብቤ እሰፋለት ነበር።

ቀልዱ ይቅርና፣ ስልክሽን በየደቂቃው እያየሽ፣ ምግብ አዳራሽ እንዳታገኚው ስትይ ጦምሽን እየዋልሽ መሆንሽን ስሰማ ሆዴ ባባ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን «ይህን ሴሚስተር አቋርጬ ወደ ቤት እመጣለሁ» ማለትሽ ነው።

እናትሽም የማታውቀውን ልንገርሽ። ወጣት ሳለሁ ከሱቄ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች። ዓመት ሙሉ ሻይ አብረን ጠጣን። አንድ ቀን «እኔ እኮ እንደ ወንድሜ ነው የማይህ» አለችኝ። እኔ ጀግናው በማግስቱ የስፌት መኪናዬን በጋሪ ጭኜ ሰፈር ቀየርኩ። ደንበኞቼ የገባሁበት ጠፋቸው፤ ወራት ሙሉ ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። በስምንተኛው ወር ማን ብትመጣ ጥሩ ነው? እሷው ራሷ፣ ቀሚስ ልታሳጥር! «ምነው ጠፋህ? ኪራይ ጨመሩብህ እንዴ?» አለችኝ። በእሷ ምክንያት መሸሼን ጭራሽ አላወቀችም። ቀሚሷን እዚያው ፊቷ አሳጠርኩላት። ስምንት ወር ሸሽቼ ያላገኘሁትን እረፍት ያን ጊዜ አገኘሁት።

ስለዚህ ክፍልሽን እንዳትለቂ። ከፊት ወንበር ተቀመጪ፤ እሱ ጀርባሽን ይይ። ማልቀስ አልከለክልሽም፣ ግን በልተሽ አልቅሺ። ስታጠኚ ስልክሽን ለዶርም ጓደኛሽ ስጫት። ተማሪ የምታማክር ሴትዮ ግቢያችሁ ውስጥ አለች ብለሽኝ አልነበር? ሄደሽ አናግሪያት፤ ጭንቀት ለብቻ አይያዝም።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ታናሽ እህትሽ ሹራብሽን ለብሳ እየዞረች «በጣም ናፍቃኛለች በልልኝ» ብላለች፤ ሹራቡን ግን የምትመልስ አትመስልም። ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪውም ሰላም ብሎሻል።

እኔማ ምን ልበልሽ። ትመጫለሽ ሲሉኝ፣ እውነቱን ላውጣውና፣ መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ። ራስ ወዳዱ አጎትሽ አልጋሽ ላይ የከመርኩትን የደንበኛ ጨርቅ ሁሉ አንስቼ አንሶላ አነጠፍኩልሽ። ሁለት ቀን ሙሉ በመኝታ ቤትሽ በር ባለፍኩ ቁጥር መጋረጃውን ገልጬ አልጋሽን አየሁት። ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ጨርቁን መልሼ ከመርኩበት።

የሚሳሳልሽ አጎትሽ
ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ኅዳር 21 ቀን