የብሥራት ሽጉጥ

ለውድ እህቴ ለእታለማሁ፤ የሲያትል ዝናብ እንዴት ይዞሻል? እኔ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ወንድማችን ብሥራት ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ሥራ አቁሟል። እሑድ ምግብ ይዤለት ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ብሄድ፣ «ሽጉጤን አንቺ ውሰጂልኝ፤ ቤት ውስጥ ባይኖር ይሻለኛል» አለኝ።

በስሜ እንዲያዛውሩልን በሣጥኑ ቆልፈን መሣሪያ ሱቅ ወሰድነው። ሻጩ፣ «ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ በእጅ መስጠት ክልክል ነው። እዚያ ባለ ሕጋዊ ነጋዴ በኩል ያልፋል፤ አንቺም አሻራ ሰጥተሽ ላይሰንስ ታወጫለሽ። ሳምንታት ይፈጃል» አለኝ። ብሥራት አቀረቀረ። ሻጩ ትክ ብሎ አየውና፣ «እስከዚያ እኛ ጋ ይቀመጥ» አለ።

ብሥራት አሁን እኔ ጋ ነው። የመኝታ ቤቱን በር እንዳይቆልፍ ለምኜዋለሁ። እባክሽ የምትመጪበትን ቀን ቁረጪና ደውለሽ ንገሪው፤ የሚጠብቀው ቀን ይኑረው።

ሰላምሽን ያብዛልኝ፤
እህትሽ ቤዚ