የናታን ትከሻ

ልጄ ሃሴት፣ የለንደን ብርድ ሳይነካሽ ይለፍ፤ እመቤቴ በሄድሽበት ትከተልሽ። እኛ እዚህ ኤል ሴሪቶ ደህና ነን። አባትሽም የስኳሩን መድኃኒት ሳይለመን መዋጥ ጀምሯል።

ወንድምሽ ናታን ኳስ ወርዋሪ ሆኖ የሚጫወትበት የኮሌጁ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። እሁድ የአባትሽ ጓደኛ ጋሽ ክፍለ እዚሁ ቅርብ ካለችው ከኒውአርክ መጥተው ምሳ እየበላን፣ «ኳርተርባኩ መቀየር አለበት፤ የሚወረውረው ኳስ አልደርስ አለ» አሉ፤ እዚያው ናታን ፊት። አባትሽ ቱግ ብሎ፣ «ልጄን ማንም አይቀይረውም!» አለ። እኔ ግን ናታን ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ በግራው ሲጎርስ አየሁት።

«ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«ማሚ፣ ትከሻዬ ሄርት ያደርገኛል፣ በጣም ያመኛል። ለኮች አልነገርኩትም» አለኝ።

ጋሽ ክፍለ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት።

ሰኞ ናታን ራሱ ሄዶ ለአሰልጣኙ ነገረው። ቅዳሜ በሱ ቦታ ሌላ ልጅ ገባና አሸነፉ። ናታን ሜዳው ዳር ቆሞ ከሁሉም በላይ ሲጮህለት ነበር፤ መኪና ውስጥ ሲገባ ግን አለቀሰ። አባትሽ እስኪወጣለት ድረስ ሞተሩን ሳያስነሳ ጠበቀው።

እባክሽ ኮል አድርጊለት። ስለ ኳሱ አትጠይቂው፤ ዝም ብለሽ አስቂው። የልብሽን ይሙላልሽ፣ እድሜሽን ያርዝመው።

እናትሽ መነን