ከመሬት በላይ የሚታይ ጉዳት የለም

ለመስኖ ውሃ ክፍፍል ጽሕፈት ቤት የተከበሩ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የቢሮዎ መስኮት ወደ ጥላ የዞረ መሆኑን፣ በጠረጴዛዎ ጥግ ያለው የውሃ ጆግም ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ እንደሚሆን ባለፈው ወር ለአቤቱታ በመጣሁ ጊዜ በዓይኔ ስላየሁ ብዙም አልሰጋሁም። ቢሆንም ወግ ነውና እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንድትሆኑ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከዋናው ቦይ በስተግራ፣ ከበቆሎው ማሳ ፊት ለፊት ድንች የሚያመርተው ቤተሰብ ምራት ነኝ። የሰፈሩ የዘር ድንች የሚወጣው ከእኛ ጓዳ ነው፤ የሚመርጡትም አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ የድንቹን ዓይን ግን በጣታቸው እየዳበሱ ይቆጥሩታል፤ ተሳስተውም አያውቁም። ጽሕፈት ቤትዎ ለዚህ ቤት የዋለው ውለታ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰብላችንን እንዲመረምሩ ስለላኩልን ባለሙያ አመሰግናለሁ። ትጉህ ሰው ናቸው፤ ሦስት ጊዜ መጥተው ሦስቱንም ጊዜ ጤዛው ሳይረግፍ ስለደረሱ የሰፈሩ ሰው «ማለዳ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል። ድንች ውሃ ሲጠማው ቀትር ላይ ቅጠሉን ይጥላል፤ ፀሐይዋ ስትበርድ ደግሞ ቀስ በቀስ ያገግምና ጠዋት ላይ አለቃው ሲገባ እንዳየ ጸሐፊ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ባለቤቴ እባክዎ በቀትር ይምጡና ይዩት ብሎ ቢለምናቸው፣ በዚያ ሰዓት ፀሐዩ ለጤና እንደማይመች በትሕትና አስረዱት። ድንቹ እግር የለውም እንጂ እሱም እንደሳቸው ጥላ ፍለጋ በሄደ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ቢጫው ቅጽ። በቅጹ ላይ «ከመሬት በላይ የሚታይ ጉዳት» የሚል መስመር አለ፤ ማለዳም ሦስቱንም ጊዜ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «የለም» ብለው ሞልተውታል። ውሸት አልጻፉም። ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ዘንግተውት ከሆነ ግን ላስታውስዎ የምደፍረው ነገር ቢኖር፣ ድንች የሚያፈራው ከመሬት በታች መሆኑን ነው። ከተተከለ ከአርባ ቀን ገደማ ጀምሮ አፈሩ ውስጥ ፍሬ መቋጠር ይጀምራል፤ ውሃ በዚያ ሰሞን ከጠፋ አሥር ይቋጥር የነበረው ሦስት ይዞ ይቀራል፣ ላዩ ግን ለምለም ነው። ሥሩም አጭር ስለሆነ ውሃ ፍለጋ ጠልቆ አይሄድም፤ እንደ እኛው የሚሰጠውን ጠብቆ የሚኖር ፍጡር ነው። ፊት ለፊታችን ያለው በቆሎ ደግሞ ችግሩን አይደብቅም፤ ቅጠሉን ጠቅልሎ ቢያሳይ ወዲያው «አለ» ተብሎ ተጻፈለትና የእኛ የውሃ ተራ ለእሱ ተሰጠ። የበቆሎው ባለቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያየን መንገድ ይቀይራል። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ያፈረ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደ እኛ ማሳ የሚገባው ቦይ ሃያ ስድስት ቀን ደርቆ ከሰነበተ በኋላ አምስት ቀን ሙሉ ሳያቋርጡ ስለለቀቁልን ውሃ። ውሃው ሲመጣ ባለቤቴ ከነልብሱ ቦዩ ውስጥ ገባ፤ እኔም፣ ምን ልደብቅዎ፣ አልቅሻለሁ። ነገር ግን እድገቱን አቁሞ የነበረ ድንች በድንገት ሲጠጣ በነበረበት መልክ አይቀጥልም፤ በአንድ ጎኑ ያብጣል፣ በሌላው አንገት ያወጣል፣ ቆዳውም ይሰነጠቃል። ስንቆፍር አማቴ እንደ ወትሯቸው ከማሳው ዳር ተቀምጠው የመጀመሪያውን ድንች ተቀበሉኝ፤ ሲዳብሱት ቆዩና ልጄ፣ ዝንጅብል ነው እንዴ የተከላችሁት አሉኝ። ሳቅን። አምስተኛውን ሲዳብሱ ግን የሚስቅ አልነበረም፤ ሃያኛው ላይ ሲደርሱ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ቤት ውሰዱኝ አሉ።

ከእነዚሁ መሐል ትልቁን፣ አራት ጉብታ ያወጣውን፣ ማለዳ ለናሙና ብለው ወሰዱት። ባለፈው ወር ቢሮዎ ስገባ ጠረጴዛዎ ላይ በነጭ ሳህን ተቀምጦ፣ ከሥሩም «የውሃ ልቀቱ ውጤት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት አገኘሁት። ሁለት እንግዶች ግዝፈቱን ሲያደንቁ እርስዎ በትሕትና አንገትዎን ደፍተው ነበር። አቤቱታዬን ሳላቀርብ ወጣሁ፤ አሁን በጽሑፍ የማቀርበውም ለዚህ ነው።

አራተኛውንም ጽፌው ነበር፤ ባለቤቴ አንብቦ ይሄማ ስድብ ነው ብሎ ስለሰረዘው ቁጥሩን ብቻ ትቼልዎታለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለዘር የሚሆን የተረፈን አንድ ቅርጫት ድንች ነው። ዘር ሊወስዱ የመጡትን ጎረቤቶች ሁሉ ባዶ እጃቸውን መልሰናል። ቅርጫቱ ያለው አማቴ አልጋ ሥር ነው። በውሃ ጥም ያደገ ድንች እንቅልፉ አጭር ስለሆነ ከጊዜው ቀድሞ ጎንቁሎብናል፤ ስለዚህ ኮሚቴዎ እስኪሰበሰብ አይጠብቅም፣ በአሥር ቀን ውስጥ ወይ መተከል ወይ መበላት አለበት። ቤታችን የሚበላው እየሳሳ ነው። አማቴ ግን ራት በቀረበ ቁጥር ጠግቤያለሁ ይላሉ፤ ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠግበዋል። ቅርጫቱ እንዳይነካ ብለው መሆኑን እናውቃለን፤ እሳቸውም እንደምናውቅ ያውቃሉ። ትናንት ገላቸውን ሳጥባቸው የጎድን አጥንታቸውን ቆጠርኩት። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቃል አላገኘሁም።

ጥያቄዬ አጭር ነው፤ ዘሩን ብንተክለው በአርባኛው ቀን ውሃ ይኖራል ወይስ አይኖርም? የምንለምነው ከዚያ ጀምሮ ለስድስት ሳምንት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት፣ ሳይቋረጥ እንዲደርሰን እንጂ አምስት ቀን የሚያጥለቀልቅ ችሮታ አይደለም። የማይኖር ከሆነም «የለም» ብለው ይጻፉልን፤ ይህን ቃል ጽሕፈት ቤትዎ አሳምሮ ይጽፈዋል። ያን ጊዜ ቅርጫቱን ከአልጋው ሥር አውጥቼ እቀቅለዋለሁ፤ አማቴም አርባ ዓመት ሲመርጡት የኖሩትን ዘር በልተው ቢያንስ አንድ ቀን የምር ይጠግባሉ።

ጥላዎ እንዳይሸሽ፣ ጆግዎም እንዳይጎድል እየተመኘሁ፣ ጠዋት ቢመጡባት ቀጥ ብላ የምትጠብቅዎ፣ በቀትር ግን ማንም አይቷት የማያውቅ፣

እጅግ አክባሪዎ፣
የድንች ቤት ምራት

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ እባክዎ ቢላ ተውሰው በሳህኑ ላይ ያለውን ድንች ለሁለት ይክፈሉት። መሐሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ባዶ ጉድጓድ ያገኛሉ፤ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ከፍተን ስላየናቸው እርግጠኛ ነኝ። ከላይ ግን፣ ማለዳ እንደሚሉት፣ የሚታይ ጉዳት የለበትም።