ሳልለካህ የጀመርኩት ሹራብ

ማርቆስዬ፣

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀረው። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ፓስተሩ ብርድም ሕመምም የሌለበት ቦታ ነው ያለው ብለውኛል፣ አምኛለሁ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ለአንተ መዋሸት ይበቃኛል።

ቤቱን ብታየው ብዙም አልተለወጠም። ልጃችን ምሕረት ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ የምታጠናው አንተ የተማሪ ደብተር ታርምበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሂሳብ ሲጠጥርባት ቀና ብላ ወደ በሩ ታያለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። ጣሪያው እዚያው ጥግ ላይ ያፈሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ክፍል ሴቶቹን ሹራብ ማስተማሬን አላቋረጥኩም። ዘንድሮ ሰባት ናቸው፣ ሰባቱም ችኩሎች።

ክር በገዙበት ቀን መርፌ መሰካት ያምራቸዋል። እኔም ያንኑ የድሮውን እደግምላቸዋለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እላቸዋለሁ። ለሙሉው ሥራ የሚበቃውን ክር በአንድ ጊዜ ግዙ፣ በኋላ የምትጨምሩት ቀለሙ አይገጥምም፤ መዳፍ የምታህል ናሙና ሥሩ፣ እጠቧት፣ ስትደርቅ ቁጠሩ እላቸዋለሁ። ከሁሉም በፊት ግን የሚለብሰውን ሰው ለኩ፤ አሮጌ ሹራቡን ሳይሆን ሰውየውን። እዚህ ላይ ስደርስ ድምፄ ይሰበራል። እነሱ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ከሥራው በፊት ያለው ሥራ እኮ የሁለታችን ነበር። አንተ ክሩን በሁለት እጅህ ወጥረህ ትይዝልኛለህ፣ እኔ እጠቀልላለሁ። ናሙናዋ ስትደርቅ ማስመሪያህን አምጥተህ በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ስንት የክር ዐይን እንዳለ ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ለደረት ይህን ያህል፣ ለእጅጌ ይህን ያህል እያልክ በቀይ እስክርቢቶ ታሰላልኛለህ። እኔ በጣቴ ቆጥሬ የደረስኩበት ካንተ ጋር ካልገጠመ ዜሮ ትሰጠኝ ነበር፣ የሂሳብ መምህር ነህና። የአንገቱን ግን ሁልጊዜ ትረሳለህ፤ ይህንን ለተማሪዎችህ እንዳልነግርብህ ትለማመጠኝ ነበር።

አምና በክረምቱ፣ ወደ ቤት ውሰዱት፣ የሚወደውን አብሉት ብለው ከሆስፒታል ሲመልሱን ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ ገብቶታል። እኔ ግን እንዳልገባኝ ሆንኩ። የምትወደው የሚያቃጥል ዳጣ ቀርቦልህ ፊትህን ስታዞር እንኳ መድኃኒቱ አፉን አምርሮበት ነው አልኩ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ብርድ ከብርድ ልብሱ ሥር ድረስ ገብቶ ያንቀጠቅጥህ ነበርና፣ ወፍራም ሹራብ እሠራልሃለሁ ብዬ ግራጫ ክር ገዛሁ።

ናሙና አልሠራሁም። አንተንም አልለካሁህም። ደብተሬን ገልጬ ምሕረት በተወለደች ዓመት የጻፍኩትን ልክህን አወጣሁና መርፌዬን ሰካሁ። ሜትር ይዤ አልጋህ አጠገብ ብመጣ ቁጥሩ የሐኪሙን ቃል ይደግምልኛል ብዬ ፈራሁ። እትዬ አስቴርም፣ ጎረቤታችን፣ የታመመ ሰው የሚለካው አናጢ ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር። በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም እያልኩ ሰበብ አደረግሁት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ስታይ ቆይተህ፣ «ነይ ለኪኝ» አልከኝ።

«ያንተን ገላ በቃሌ አውቀዋለሁ» አልኩህ፣ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ።

ከዚያ ቀስ ብለህ ወደ ግድግዳው ዞርክ። ልታናግረኝ ነበር፣ ማርቆስዬ። ክንድህን ለክቼ ቁጥሩን ሁለታችንም ስናየው፣ ከዚያ በኋላ የምትለኝ ነገር ነበረህ። ያን ጊዜም አውቄዋለሁ። አውቄ ነው ያልተነሳሁት።

ሹራቡ አለቀ። ስናለብስህ ትከሻው እስከ ክርንህ ወረደ፤ ሌላ ሰው የሚጨምር ስፋት ነበረው። አንተ ሞቀኝ አልክ። እኔ ግን ንዴት ያዘኝ፣ በማን እንደተናደድኩ እግዚአብሔር ይወቀው፤ በልክህ እንደገና እጀምረዋለሁ ብዬ አውልቄ እስከ መጨረሻው ተረተርኩት። በዚያው ሳምንት በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልለህ አለፍክ። የሞቀህን ልብስ ከላይህ የገፈፍኩህ እኔ ነኝ። ሣጥኑን የሚሠራው አናጢ ቁመትህን ሲጠይቀኝ በቃሌ ነገርኩት፣ ልክም ነበር። ያልተለወጠው ቁመትህ ብቻ ነበር።

አገርህ ጉኑኖ ከቀበርንህ በኋላ ወንድምህን ጴጥሮስን፣ ሊነግረኝ የፈለገው ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ነገሩን አያውቀውም። ለምን አትነግራትም ቢልህ ግን በወላይትኛ፣ ገና አልተዘጋጀችም፣ ተዋት ብለኸዋል። አገሩን ሁሉ ተዘጋጁ እያልኩ የማሰለች ሴት።

ባለፈው ሳምንት እናትህን ልጠይቅ ጉኑኖ ሄጄ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ በጣም ደክመዋል። እንሰቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ይበርደኛል፣ ሹራብ ሥሪልኝ አሉኝ። ሜትሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተንበርክኬ ለካኋቸው፤ ደረታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ ያንን የመነመነ የእጅ አንጓቸውን። ቁጥሩንም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «አዎ፣ ከስቻለሁ» አሉና ማውራት ጀመሩ። ከአንተ አጠገብ መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ላሟ ለማን እንደምትሆን፣ የትኛው መዝሙር እንዲዘመርላቸው ነገሩኝ። እንባዬ እየወረደ ነበር፣ ግን አላቋረጥኳቸውም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ሰማኋቸው።

የእናትህን ቃል ሁሉ ይዣለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ አንድ ሳላስቀር እፈጽመዋለሁ። አንተንም እስካለሁ አልረሳህም፣ ማርቆስዬ። ሰው መልካሙን ብቻ አስታውሺ ይለኛል፤ እሺ እላለሁ። ግን የእሳቸውን ሳስብ ምን እንደፈለጉ አውቃለሁ፤ የአንተን ሳስብ የማየው ጀርባህን ነው።

ሚስትህ ታደለች