ከአርባ አንደኛ ወደ ሃምሳ ስምንተኛ ላሳደጉኝ ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የመኪና አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ብርድ አላስያዘዎትም? የሚዞረው ወንበርዎስ ወገብዎን አላሳመመዎትም? እኔ በዳንግላ ከተማ የጋሪ ተራ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራሁት ይሄነው ሽመክት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቁሜ አለሁ። የድርጅትዎን ስም በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ላይ ያልጻፍሁት ፈርቼ እንዳይመስልዎ፤ እርስዎ ዘንድ በነጻ የሚሰጥ ነገር እንደሌለ በዓይኔ ስላየሁ፣ እኔም በበኩሌ ማስታወቂያ በነጻ ላለመሥራት ብዬ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የመኪና ማሳያ አዳራሽዎ ወለል እንደዚያ ሲያብረቀርቅ አይቼ ጭቃ የነካ ጫማዬን ደጅ አውልቄ በካልሲ የገባሁት ሰውዬ ነኝ። ሠራተኞችዎ ሲስቁ እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ስልክ ላይ ነበሩ። ስለ ጨዋነትዎ ያን ቀን ሳላመሰግን በመቅረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጉዳዬን ከሥሩ እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ። ዳማ የሚባል ፈረስ ነበረኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶውንም፣ ድንቹንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት ሳይመርጥ ሲጎትት ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። እኔም ለባለቤቴ ለስሜነሽ፣ ዳማ ከእንግዲህ ይረፍ፣ አንዲት ፒካፕ ገዝተን የጥርባን ገበሬዎች ድንች በእሷ እናመላልስ፣ እሱ ከጓሮ ሣሩን እየጋጠ ይጦር አልኋት። ከአባቴ የወረስኋትን የከተማ ቦታ ሸጥሁ፣ የዲከረንስ ዛፌን ለከሰል አክሳዮች ሰጠሁ፣ የኖረ ቁጠባዬንም ከባንክ አወጣሁ፤ ተደምሮ ሲታይ የአንዲት ነጠላ ጋቢና አዲስ ፒካፕ ዋጋ ሞላ። ዳማ ሳይነካ ሞላ ማለቴ ነው። ክቡርነትዎ ከዚህ ሁሉ ወሬ ይህችን አንዲት ነገር ቢይዙልኝ ይበቃኛል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ልጄ ትዕግስት እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለችና፣ አዲስ መኪና ሲገዛ ከጭማሪ እንዴት እንደሚመለጥ ከስልኳ አንብባ አስጠንታኝ ነበር። ዋጋውን በጽሑፍ ተቀበል፣ ደላላ አታስጠጋ፣ ቸኩያለሁ አትበል፣ ያልፈለግኸውን ዕቃ አትግዛ፣ ጭማሪ ከጠየቁህ ተነሥተህ ውጣ አለችኝ። እኔም እንደ ዳዊት ደግሜ ደግሜ ይዤው መጣሁ። ፕሮፎርማ በማኅተም ተቀበልሁ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከፈልሁ፣ ተራዬም አርባ አንደኛ መሆኑ ተነገረኝ። የሽያጭ ሠራተኛዎ ታዲያ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባባ፣ ትንሽ ነገር ካሰቡ ጉዳይዎን ላፋጥነው እችላለሁ" አለኝ። እኔ ሞኙ ምን ብዬ እንደመለስሁለት ያውቃሉ? ከፊቴ ያሉት አርባ ሰዎች ይበደላሉ አልሁት። ያን ጊዜ የሳቀው ሳቅ ወደ ቤቴ ስመለስ እስከ ዱርቤቴ ከተማ ድረስ ጆሮዬ ላይ ነበር።

አይፍረዱብኝ፤ አስተዳደጌ ነው። በዳንግላ የጋሪ ተራ ላይ ሰው ተራውን የሚይዘው አለንጋውን መሬት ላይ አጋድሞ ነው። የመጣ ሁሉ ከፊተኛው አለንጋ ኋላ የራሱን ያጋድምና ፈረሱን ሊያጠጣ፣ ቤቱ ደርሶ ሊመጣ ይሄዳል። አብዱልሀፊዝ ጓደኛችን አርብ ለጁምዓ ሲሄድ አለንጋውን ትቶ ይሄዳል፤ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እኛ ነን ወደፊት የምናስጠጋለት። እኔም ለቅዳሴ ስቀር እሱ ያስጠጋልኛል። የሰው አለንጋ ያነሣ ሰው በእኔ ዕድሜ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱም ከተማውን ለቆ ሄደ። ስለዚህ አርባ አንደኛ ሲሉኝ አርባ አለንጋ ከፊቴ ተጋድሞ ታየኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ለማላውቃቸው ለእነዚያ አርባ ሰዎች መኪናቸው ቶሎ እንዲደርስላቸው በጊዮርጊስ ጧፍ አብርቼላቸዋለሁ። ደርሷቸው ከሆነ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ሁለተኛ፦ በአምስተኛው ወር ስልክ ተደወለልኝና "የዋጋ ማስተካከያ" መደረጉን ሰማሁ። እኔ የተጣመመ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ዋጋው ጠማማ ሆኖ ኖሮ እርስዎ እንዳስተካከሉልን የገባኝ ኋላ ነው። ከማስተካከያው ጋር የወለል ምንጣፍ፣ የወንበር ልብስ፣ የመስታወት ጥቁር ላስቲክና የማንቂያ ደወል መግዛት ግዴታ ሆኗል ተባልሁ። ድንች ለምትጭን መኪና የቆዳ ወንበር ልብስ! በአሥር ቀን ውስጥ ካልከፈልህ ተራህ ይሰረዛል የሚለው ደግሞ ምርቃት ነበር።

ወዲያው ባሕር ዳር ገሠገሥሁና ልጄ እንዳስተማረችኝ በጽሑፍ የተሰጠኝን ዋጋ አውጥቼ አሳየሁ። ሠራተኛዎ ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን፣ ዋጋው ሊለወጥ ይችላል የሚለውን፣ በጣቱ አሳየኝ፤ ያለ መነጽሬ አልታየኝም፣ በመነጽሬም በጭንቅ ነው። እንግዲህ የቀረኝ ትምህርት ተነሥቶ መውጣት ነበርና ተነሥቼ ወጣሁ። በእኛ ገበያ ገዥ ጀርባውን ካዞረ ሻጭ ሦስት እርምጃ ሳያስቆጥር "ኧረ ተመለስ፣ ምነው እንዲህ ጨከንህ" ብሎ ይጠራል። እኔም ቀስ ብዬ ተራመድሁ። ከበሩ ላይ የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ እንደገና አሰርሁት። ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ዋጋ ጠየቅሁ። እስከ መናኸሪያ ድረስ ዘወር እያልሁ ሄድሁ፤ የጠራኝ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ቦታዬ ተሸጧል፣ ዛፌ ከስሏል፣ ገንዘቤም እርስዎ ዘንድ ነው፤ ለመመለስ ሦስት ወርና ተቀናሽ አለው ብለውኛል። የቀረኝ ዳማ ነበር።

በአዊ አገር ፈረሱን የሸጠ ሰው እንዴት እንደሚታይ ለእርስዎ ማስረዳት ይከብደኛል። ስሜነሽ ነገሩን ስነግራት አልጮኸችም፤ "እሱስ ምን በደለህ?" ብላ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች። ቀኑ አጭር ስለነበር ቶሎ የመጣልኝ ገዥ የጫግኒ እህል ነጋዴ ሆነ፣ ፈረሱንም ጋሪውንም አንድ ላይ ወሰደ። ጫግኒ ቆላ ነው። የደጋ ፈረስ ቆላ እንደማይስማማው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌላው ስመክር የኖርሁት እኔ ነኝ። እያወቅሁ ሸጥሁት። ልጓሙን ለሰውዬው ሳቀብል ዳማ እኔን ተከትሎ ሊመለስ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ያኔ ማልቀስ ይገባኝ ነበር፣ ግን መኪናዋን እያሰብሁ ነበርና ቶሎ ብዬ ሄድሁ።

ሦስተኛ፦ በዘጠነኛው ቀን ማስተካከያውንም ምንጣፉንም ከፍዬ ደረሰኝ ስቀበል፣ ተራዬ ስንት ደረሰ ብዬ ጠየቅሁ። ሃምሳ ስምንተኛ ነዎት ተባልሁ። ስድስት ወር ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው ከአርባ አንደኛ ወደ ሃምሳ ስምንተኛ ማደጌ ቢገርመኝ፣ ሠራተኛዎ "ሲስተሙ ነው አባባ" አለኝ። ይህ ሲስተም የሚባለው ባልደረባዎ ከሁላችሁም በላይ ሥልጣን ያለው ሰው ይመስለኛል፤ አንድ ቀን በአካል ቢያስተዋውቁኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፦ ያን ዕለት ከግቢዎ አንዲት ነጭ ነጠላ ጋቢና ቆማ ነበር፤ የወንበሯ ላስቲክ እንኳ አልተገፈፈም። እኔ እንደ ልማዴ ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን ሁለቴ ዞርኋት፣ ከሥሯ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ የሻንሲ ቁጥሯን የመጨረሻ አራት አኀዝ በመዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍሁ። ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም፤ የእኔዋ ትሁን እያልሁ መሆን አለበት። ተይዛለች ተባልሁ። ምሳዬን በልቼ ወደ መናኸሪያ ስሄድ ከአስፓልቱ ማዶ፣ አንድ ደላላ ደጃፍ ላይ፣ ያቺው መኪና ቆማ አገኘኋት። መዳፌን ገልጬ ቁጥሩን አስተያየሁ። ደላላው ትክክለኛ ሰው ስለሆነ አልዋሸኝም፤ "አባቴ፣ ይቺ ተራ የላትም፣ ዋጋ ብቻ ነው ያላት" አለኝ። ዋጋዋም እኔ ከተጠየቅሁት በማስተካከያው እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በዚያ ሁሉ ጊዜ የሰማሁት አንድ እውነተኛ ቃል ቢኖር ከአስፓልቱ ማዶ የተነገረኝ ይህ ነው።

አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ቢሰለችዎት ሊዘሉት ይችላሉ። ዳማ ጫግኒ ሰባት ሳምንት ቆይቶ ሞተ። የነገረኝ የጫግኒ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ገዥው ደግ ሰው ነበር፣ ሐኪም አምጥቶለታል፣ ጥላ ሠርቶለታል፤ ልጓሙንም በሾፌሩ እጅ ልኮልኛል። እኔና ዳማ የምንነጋገረው በአገውኛ ነበር፤ እዚያ ደግሞ በአማርኛ ሂድ ሲሉት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር አሉ። ሾፌሩ ይህን እንደ ጨዋታ ነበር የነገረኝ። እኔ እስከ ዛሬ መብል ሲቀርብልኝ ትዝ ይለኛል። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ አባቶቻችን፤ እሱ ድርሻውን አድርሷል፣ መዋጋት የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። በጥር ሃያ ሦስት፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ፈረሰኞቻችን አምረው ተጊጠው ወደ እንጅባራ ሲያልፉ በሬን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥሁ።

ክቡርነትዎ ስለ ኑሮዬ ሊጨነቁ ስለሚችሉ አሁን ያለሁበትን ላሳውቅዎ። በየማለዳው ወደ ጋሪ ተራው እወርዳለሁ። ፈረስ የለኝም፣ ጋሪ የለኝም፣ አለንጋዬም ዛሬ ከእኔ ጋር የለም፤ የት እንዳለ ኋላ እነግርዎታለሁ። የመጀመሪያው ቀን አለንጋዬን ቤት ሰቅዬ ባዶ እጄን ዳር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ተራ አስከባሪያችን ጋሽ ዋጋዬ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንሥቶ ከአለንጋዎቹ ኋላ አስቀመጠውና "ባርኔጣም ተራ ይይዛል" አለ። ተራዬ ሲደርስ አብዱልሀፊዝ ከጋሪው ወርዶ የራሱን ፈረስ ሰጠኝ፤ ሌላው ቀን ሌላው ሰጠኝ። እነሆ እንዲህ አንዳንድ ጉዞ እየሰጡኝ እየኖርሁ ነው። ባርኔጣዬ እስካሁን አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ሲስተም ስለሌለን ይሆናል።

ስለዚህ ምስጋናዬን ይቀበሉኝ። ደላላ እንዳላስጠጋ ሲሉ የደላላውን ሥራ ራስዎ ደርበው ስለሠሩልኝ፣ በደቃቅ የተጻፈ ማንበብ ስላስተማሩኝ፣ ጓደኞቼ እነማን እንደሆኑ በዚህ ዕድሜዬ ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። መኪናዋን ከእንግዲህ ቢሰጡኝም የማሳርፍባት ፈረስ የለኝም፤ የሆነው ሆኖ የሃምሳ ሰባቱን ሰዎች መብት ላለመጋፋት ተራዬን እጠብቃለሁ።

የወንበርዎን ምቾት፣ የግቢዎን ስፋት፣ የዕድሜዎን ርዝመት ከልብ እየተመኘሁ፣ ምንጣፍና የወንበር ልብስ ገዝቼ መኪና የሌለኝ፣ ደንበኛዎና ትሑት አገልጋይዎ፣

ይሄነው ሽመክት
ከዳንግላ የጋሪ ተራ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ማክሰኞ በእንግዳ መቀበያዎ በር ላይ አንድ አለንጋ ተጋድሞ ካገኙ የእኔ ነው። ረስቼው አይደለም፤ ተራዬን ይዤበት ነው የመጣሁት፣ እባክዎ አያንሡብኝ። የጥበቃ ሠራተኛዎ ግን አለንጋ ነው ብሎ እንዳይሠጋ ይንገሩልኝ፤ በአሥራ ሦስት ዓመት ዳማን አንድ ቀን እንኳ አልመታሁበትም። ዳማን የመታነው እርስዎና እኔ ነን፣ ያለ አለንጋ።