የቢጫው ጆግ ሕግ

ውድ ጀሊላ፣

«እንደምን ከርመሻል» ብዬ ልጀምር አልሁና፣ ስምንት ዓመት ዝም ያለ ሰው ይህን ለመጠየቅ ምን አፍ አለው ብዬ ተውሁት።

ቡና ቤታችን አምስተኛ ቅርንጫፉን ሊከፍት ነው። ሁለተኛው ባሕር ዳር መናኸሪያው አጠገብ፣ ሦስተኛው ሐይቁ ዳር፣ አራተኛው ጎርጎራ፤ አምስተኛው ደግሞ አንቺው ያለሽበት ወረታ። የእትዬ ሙሉነሽን አጥር ጥግ ተከራይተን ስንጀምር ትዝ ይልሻል? ቡናውን በግራም ስትመዝኚ ያየ ሁሉ «ወርቅ ቤት ነው እንዴ?» ይል ነበር። የዘጌን ቡና በአፍንጫሽ የምትለዪው አንቺ ነበርሽ፤ የእኔ ሙያ ጠረጴዛ መወልወልና መለፍለፍ። በኦቾሎኒ ወተት የጾም ማኪያቶ እንሥራ ያልሽውም አንቺ ነሽ። «የማትጾሚው አንቺ፣ ለጾመኛ የምትጨነቂው አንቺ» ብዬ ስስቅብሽ፣ «እኛ ቤት የሮመዳንን ሾርባ ድስቱን የሚጨርሰው ማን ሆነና!» አልሽኝ።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ የፍልሰታ ረቡዕ ነው።

ቢጫው ጆግ የኦቾሎኒው፣ ሰማያዊው ለማይጾሙ ደንበኞች የላሙ ነበር። ማክሰኞ ልንዘጋ ስንል ሰማያዊው ከእጄ ወድቆ ተሰነጠቀ። ቢጫው ባዶ ስለነበር የላሙን ወተት እሱ ላይ ገለበጥሁና ፍሪጅ ከተትሁት፤ ጠዋት ለጀሊላ እነግራታለሁ ብዬ። ረሳሁት። በቃ፣ ረሳሁት።

በማግስቱ እትዬ ሙሉነሽ እህል ውሃ ሳይቀምሱ ውለው፣ ቅዳሴ እንደወጡ በቀጥታ እኛ ጋ መጡ። አንቺ ቢጫው ጆግ ውስጥ ያለው የኦቾሎኒው መስሎሽ ሠርተሽ ሰጠሻቸው። አንዴ ፉት አሉና ስኒውን አስቀምጠው «ይሄ የላም ነው!» አሉ። በረንዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። አንቺ ጆጉን አሸተትሽ። ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ የተሰነጠቀውን ሰማያዊ ጆግ አየሽ። ከዚያ እኔን አየሽኝ። እኔ ጠረጴዛ መወልወል ጀመርሁ።

«እጄ ስቶ ነው፣ እትዬ። ይቅር በሉኝ» አልሽ።

«የሷ ጾም አይደል፤ ምን ቸገራት» ያለ ሰው ነበር። እኔ ሰምቻለሁ፤ አንቺም ሰምተሻል። እትዬ ሙሉነሽ «ይቺ ልጅ እያለች ከዚህ ቤት አልቀምስም» ብለው ሄዱ። አከራያችን እሳቸው፣ ደንበኞቻችን ጎረቤቶቻቸው፤ ቤቱ ይዘጋብናል ብዬ ፈራሁ። ፈሪ ነበርሁ፣ ጀሊላ። አንቺ በሳምንቱ «ወንድሜ ሱቅ ሰው ይፈልጋል» ብለሽ ሽርጥሽን አጥፈሽ ሰጠሽኝ። ሰበብ መሆኑን እያወቅሁ «መልካም ዕድል» አልሁሽ። 

ከዚያ ሕግ አወጣሁ፦ ቢጫ ጆግ ውስጥ ከጾም ወተት በቀር ምንም አይገባም። «እነሱ ዘንድ ጾም አይገደፍም» ተባለልን፤ ያሳደገን ቡናው ብቻ አይደለም። አዲስ ሠራተኛ ሕጉን ሲማር ግን ምክንያቱንም ይሰማል። «የጀሊላ ሕግ» ይሉታል። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፤ አልከለከልሁምም።

ባለፈው ሐሙስ ወረታ ላይ አሠልጣኛችን ዳኘው ለስድስት አዳዲስ ልጆች ይህንኑ ይተርክ ነበር። «ጀሊላ የምትባል ሠራተኛ ነበረች…» አለ። ሠራተኛ! ግማሹ ቤት ያንቺ እንደነበር እንኳ አያውቅም። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች።

«እሺ፣ ቀድታ የሰጠችው እሷ ትሁን። የላሙን ወተት ቢጫው ጆግ ላይ የገለበጠው ማን ነው?»

ዳኘው ወደ እኔ ዞረ። በስምንት ዓመት ውስጥ ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

ልጅቷ ትክ ብላ አየችኝ። «አክስቴ ግን እስከ ዛሬ ‹እጄ ስቶ ነው› ነው የምትለን» አለች። ለካ የወንድምሽ የኑርሑሴን ልጅ፣ ተስኒም ናት። ለገዛ ቤተሰብሽ እንኳ አላጋለጥሽኝም። ወጥቼ መኪናው ውስጥ አለቀስሁ።

ዕለቱን ተመልሼ ለእትዬ ሙሉነሽ ነገርኋቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ «እኔ ሳላውቅ አንዲት ጉንጭ ወተት ቀመስሁ» አሉ። «አንቺ ግን እያወቅሽ ስምንት ፍልሰታ ሙሉ የሰው ሥጋ በላሽ። በይ፣ ልጅቱ ያለችበት ውሰጅኝ። እኔም የምላት አለኝ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ሁለታችንም እንመጣለን። የሽርክና ውላችንን ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ስምሽ አልተሰረዘም፣ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ። በሩን ባትከፍቺልን እትዬ ሙሉነሽ ደጅሽ ላይ ቁጭ ብለው እንደሚውሉ ዝተዋል። መቼም ታውቂያቸዋለሽ።

ከትናንት ጀምሮ በአራቱም ቅርንጫፎች ሠራተኞቹ ታሪኩን እንደገና ከአፌ ሰምተዋል። ሕጉ እንዳለ ነው፤ ስሙ ግን የእኔ ሆኗል።

ወተቱን የገለበጥሁት፣
ሩሐማ